በጠራራ ፀሐይ የጨለመች ከተማ

ስለ ኑዋር ፊልም፣ ማለትም በ1940ዎቹና 50ዎቹ ሆሊውድ ስለሠራው ጨለም ያለ የወንጀል ፊልም፣ ሲወራ ሰው መጀመሪያ የሚያነሳው ጥላውን ነው። ዝናብ የመታው አስፋልት፣ ባርኔጣውን ዝቅ አድርጎ የደፋ የግል መርማሪ፣ ሲጋራ ይዛ በር ላይ የቆመች ቆንጆ፣ በመስኮት መጋረጃ ተሰነጣጥቆ ግድግዳ ላይ የሚያርፍ ብርሃን። እኔም እነዚህን ነገሮች እወዳቸዋለሁ። ግን ኒዮ ኑዋር የሚባሉትን፣ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ወዲህ የተሠሩትን ፊልሞች ደጋግሜ ሳይ አንድ ነገር ይከነክነኛል። ጥላው ከሞላ ጎደል ጠፍቷል። ፊልሞቹ ባለ ቀለም ናቸው፤ ከምርጦቹ አንዳንዶቹ እንዲያውም እኩለ ቀን ላይ፣ ዓይን በሚያሳምም ፀሐይ ውስጥ ነው የሚሄዱት። ሆኖም ፊልሙ ከጀመረ ብዙም ሳይቆይ የሚያስፈራ ነገር ይሰማችኋል። ይሄ ሰው ከዚህ ጉድ አይወጣም ትላላችሁ። ታዲያ ከድሮው ወደ አዲሱ የተሻገረው ምንድን ነው?

እኔ የደረስኩበት መልስ ከመብራት ጋር ብዙም አይገናኝም። የተሻገረው የዕዳ ነገር ነው። ኑዋር ውስጥ ሁልጊዜ አንድ ሰው ማድረግ የሌለበትን ያደርጋል፣ ከዚያ ሒሳብ ይመጣል። ድሮ ሒሳቡን የሚከፍለው ያጠፋው ሰው ነበር። ኒዮ ኑዋር ውስጥም ሒሳቡ መምጣቱ አይቀርም፣ የሚከፍለው ግን ሌላ ሰው ነው፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ ከነገሩ የሌለበት ሰው። ይህን ለማሳየት አንዲት ከተማ ትበቃኛለች፤ ሎስ አንጀለስ። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው። የፊልሞቹንም መጨረሻ እናገራለሁ፤ ሳይነገራችሁ ማየት የምትፈልጉ ካላችሁ አይታችሁ ተመለሱ።

በ1944 ከወጣው ደብል ኢንደምኒቲ ልነሳ። ዳይሬክተሩ ቢሊ ዋይልደር ናዚዎች ሥልጣን ሲይዙ ከበርሊን የወጣ ሰው ነው። ሌሎቹ ዳይሬክተሮች ፍሪትዝ ላንግና ሮበርት ሲዮድማክም እንደሱ ከዚያው የሸሹ ናቸው። የሆሊውድን የወንጀል ፊልም ያጠቆሩት በአብዛኛው እነዚህ ስደተኞች ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ይሄን ነገር እንደ ተራ መረጃ ማለፍ ያቅተኛል። ትናንት ሰላም ሲለው የነበረ ጎረቤት ዛሬ ፊቱን ያዞረበት፣ ሕግ የሚባለው ነገር ዓይኑ እያየ የተገለበጠበት ሰው ካሊፎርኒያ ቢገባም ፀሐይዋን እንደ ሌላው ሰው አያያትም።

ታሪኩ ቀላል ነው። ዋልተር ኔፍ የተባለ የኢንሹራንስ ሻጭ የመኪና ውል ሊያሳድስ አንድ ቤት ይሄዳል። እዚያ ፊሊስ የተባለችውን የቤቱን እመቤት ያያል። ሳይውል ሳያድር ባሏን ገድለው የኢንሹራንሱን ገንዘብ ለመውሰድ ይስማማሉ። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ? ሁለቱም እየተቀላለዱ ነው ግድያው ውስጥ የሚገቡት። ሳሎኑ ውስጥ የከሰዓት ፀሐይ በመጋረጃው ክፍተት ይገባል፣ ብርሃኑ ላይ አቧራ ይንሳፈፋል። ካሜራውንና መብራቱን የሚመራው ሲኒማቶግራፈሩ ጆን ሳይትዝ ያ አቧራ በደንብ እንዲታይ የአሉሚኒየም ብናኝ አየር ላይ ይበትን ነበር። ቤቱ የሀብታም ቤት ነው፣ አየሩ ግን ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ የቆየ ክፍል አየር ነው። በድብቅ ሲገናኙ ደግሞ ሱፐርማርኬት ገብተው፣ የታሸገ ምግብ በተደረደረበት መደርደሪያ መሐል ቆመው ነው የሚንሾካሾኩት። አንዲት ሴት መጥታ ከመደርደሪያው ዕቃ ስትፈልግ ዝም ይላሉ፣ ስትሄድ ይቀጥላሉ። ስለዚህ ኑዋር ድሮም ቢሆን ጨለማ ጎዳና ላይ ብቻ የሚኖር ነገር አልነበረም።

ከሁሉ የምወደው ግን ክብሪቱን ነው። ኔፍ ባርተን ኪይዝ የሚባል የሥራ ባልደረባ አለው። የኪይዝ ሥራ የውሸት የካሳ ጥያቄ ማጋለጥ ነው፤ ሰው ሲዋሽ ሆዱን የሚቆርጠው ዓይነት ሰው ነው። ሲጋር ያጨሳል፣ ክብሪት ግን መቼም አይዝም። ኔፍ ክብሪቱን በአውራ ጣቱ ጥፍር ይጭርና ያቀጣጥልለታል። ፊልሙ ሙሉ ይሄ ይደጋገማል፤ ተመልካቹ ልብ ሳይለው ያልፋል። መጨረሻ ላይ ኔፍ ጥይት በልቶ የቢሮው በር ላይ ወድቋል። ሲጋራውን አፉ ላይ አድርጎ ክብሪት ሊጭር ሲል እጁ እምቢ ይለዋል። ኪይዝ ጎንበስ ይልና ክብሪቱን ተቀብሎ ይጭርለታል። ፊልሙ እዚያ ላይ ያልቃል።

ዋይልደር ኔፍ በመንግሥት ሲገደል፣ የጋዝ ክፍል ውስጥ ሲገባ የሚያሳይ ትዕይንትም ቀርጾ ነበር። ቆርጦ ጣለው። በኔ እምነት ካደረጋቸው ውሳኔዎች ሁሉ ትልቁ ይሄ ነው። በዚያን ጊዜ ሆሊውድ የሄይስ ደንብ የሚባል የራሱ ሳንሱር ነበረው። ከ1934 ጀምሮ ጠበቅ ተደርጎ ይሠራበት ስለነበር ወንጀለኛ ሳይቀጣ ፊልም አያልቅም። ዋይልደር ደንቡን አልጣሰም፣ ቅጣቱን ግን ከመንግሥት እጅ ወስዶ ለጓደኛ ሰጠው። የሚወድህ ሰው ምን እንደሆንክ አወቀ፤ ከዚህ የባሰ ምን አለ? እዚህ ላይ አንድ ነገር ያዙልኝ። ኪይዝ እውነቱን ሲያውቅ፣ ማወቁ አንድ ነገር ይለውጣል። እውነቱ ከተገኘ ሒሳቡ ይዘጋል። የድሮው ኑዋር የቱንም ያህል ቢጨልም ይህቺ እምነት ውስጡ አለች።

ከዚያ ደንቡ እየላላ መጣ። በ1968 ጭራሽ ቀረና ዛሬ የምናውቀው፣ ፊልሙን ለየትኛው ዕድሜ እንደሚሆን የሚመድበው አሠራር ተተካ። ዘመኑ የቬትናም ጦርነት ዘመን ነው፤ መሪዎች በየቀኑ ቴሌቪዥን ላይ ቀርበው የሚሉት ነገር እውነት እንዳልሆነ ሕዝቡ እያየ ነው። እንግዲህ አስቡት። ወንጀለኛው የግድ መቀጣት የለበትም ተባለ፣ የፊልም ሠሪው እጅ ተፈታ፣ አገሩ ደግሞ ትልልቆቹ ሰዎች ሲቀጡ አይቶ አያውቅም። ቻይናታውን የተባለው ፊልም በሰኔ 1974 ሲወጣ ፕሬዚዳንት ኒክሰን ገና ሥልጣን ላይ ነበር፤ በዎተርጌት ቅሌት የለቀቀው በነሐሴ ነው።

ቻይናታውን ላይ ትንሽ ልቆይ። የጻፈው ሮበርት ታውን ነው፣ ያዘጋጀው ሮማን ፖላንስኪ። ታሪኩ የሚሆነው በ1937 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ነው። ጄክ ጊቲስ፣ ማለትም ጃክ ኒኮልሰን፣ የግል መርማሪ ነው፤ የሚበላው ባልና ሚስት ሲካካዱ ፎቶ እያነሳ ነው። ገና ሲጀመር ከርሊ የሚባል ዓሣ አጥማጅ የሚስቱን ፎቶዎች እያየ ያለቅሳል። ሲብስበት የመስኮቱን መጋረጃ ጨብጦ በጥርሱ ይነክሳል። ጊቲስ ምን ይለዋል? መጋረጃው ገና ረቡዕ ዕለት የተገጠመ ነው፣ አትብላብኝ ይለዋል። ይሄ ለኔ የፊልሙ ሠሪዎች አዋጅ ነው። ስንት ኑዋር ውስጥ ምስጢር ሲያንጠለጥል የኖረው መጋረጃ እዚህ ገንዘብ የወጣበት የቢሮ ዕቃ ሆኗል። ጥላ አይጥልም። ውጭው ፀሐይ ነው፣ ከተማዋ በድርቅ ተቃጥላለች፣ ሰው ሁሉ ነጭ ሱፍ ለብሶ ያልበዋል።

ወንጀሉ ውኃ ነው። የከተማዋ ውኃ መሥሪያ ቤት ዋና መሐንዲስ በድርቅ መሐል ሰጥሞ ሞቶ ይገኛል። ሌሊት ሌሊት ማጠራቀሚያዎቹ ይከፈቱና ውኃው ወደ ባሕር ይለቀቃል። ዓላማው ሕዝቡ ውኃ ጠማኝ ብሎ ለአዲስ ግድብ ድምፅ እንዲሰጥ ነው። በዚያው ጊዜ በሸለቆው ያለው መሬት በርካሽ እየተገዛ ነው፤ ገዢ ተብለው የተመዘገቡት ደግሞ መጦሪያ ቤት ያሉ አዛውንቶች ናቸው። ስማቸው የመሬት ባለቤት እንደሆነ እነሱ አያውቁም። ፊልሙ ልብ ወለድ ነው፣ ግን ከባዶ አልተነሳም። በ1913 በዊልያም ሞልሆላንድ መሪነት የተጠናቀቀው ቦይ ከኦወንስ ሸለቆ ወደ 375 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ውኃውን ሎስ አንጀለስ አደረሰ። ቦዩ ከመድረሱ በፊት ደግሞ ሳን ፈርናንዶ ሸለቆ ውስጥ መሬት ገዝተው የጠበቁ ባለሀብቶች ነበሩ። የኦወንስ ሐይቅ ደረቀ። ሞልሆላንድ ያስገነባው የሴይንት ፍራንሲስ ግድብ በመጋቢት 1928 ሲደረመስ ከ400 በላይ ሰው አለቀ። ታውን ይሄን ሁሉ ወስዶ፣ ዘመኑን ለውጦ የወንጀል ታሪክ አደረገው። ገንዘብ ፈልጎ አንድ ባል የሚገድል ኔፍ ቀረ፤ አሁን የሚሰረቀው የአንድ ከተማ ሕዝብ የሚጠጣው ነው።

ጊቲስ ሞኝ አይደለም። መሐንዲሱ ከባሕሩ ዳር ስንት ሰዓት እንደሚሄድ ለማወቅ በመኪናው ጎማ ሥር የኪስ ሰዓት ያስቀምጣል፤ መኪናው ሲንቀሳቀስ ሰዓቱ ይሰበርና ሰዓቱን ይነግረዋል። ኤቭሊንን፣ የመሐንዲሱን ሚስት፣ በሌሊት ለመከተል የመኪናዋን አንድ የኋላ መብራት ይሰብራል። እንዲህ ዓይነት ብልጠት አለው። ካሜራው ከሱ አይለይም፤ እሱ የሌለበት ትዕይንት የለም፣ ስለዚህ እኛም ከሱ በላይ የምናውቀው ነገር የለም። እሱ ሲሳሳት አብረነው እንሳሳታለን።

አንድ ትዕይንት አለ፣ ባየሁት ቁጥር የሚያንገበግበኝ። የመሐንዲሱ ግቢ ውስጥ አንድ ቻይናዊ አትክልተኛ የኩሬውን ዳር ሣር እየነቀለ ነው። ለሣሩ መጥፎ ነው ይለዋል ጊቲስን፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛ። ጊቲስ አነጋገሩን እየደገመ ያሾፍበትና ያልፋል። ከስንት ልፋት፣ ከስንት ድብደባ በኋላ ተመልሶ ሲመጣ ነው ነገሩ የሚገባው። አትክልተኛው መጥፎ ያለው የኩሬውን ጨዋማ ውኃ ነበር። የሟቹ ሳንባ ውስጥ የተገኘውም ጨዋማ ውኃ ነው። ሰውየው የሞተው እዚያው ግቢው ውስጥ ነው፣ መልሱም ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አትክልተኛው አፍ ላይ ነበር። ሰው አገር ኖረን በአነጋገራችን የተሾፈብን ሰዎች ይሄ ትዕይንት ሌላው ተመልካች ከሚያየው በላይ ይሰማናል ብዬ አምናለሁ። በዚያው ልክ ፊልሙ ላይ ቅር የምለውም እዚሁ ጋ ነው። የቻይናውያኑን ሰፈር ስም ለርዕስ ወስዶ፣ ያ ሰፈር ማንም የማይገባው የጉድ ቦታ ማለት እንዲሆን አድርጎ፣ ቻይናውያኑን ግን አሽከርና አትክልተኛ ብቻ አድርጎ አስቀራቸው። የአትክልተኛውን ቤት፣ የአትክልተኛውን ሐሳብ አናይም።

የነገሩ ሁሉ ባለቤት ኖዋ ክሮስ የሚባል ሽማግሌ ነው። የሚጫወተው ጆን ሂውስተን ነው፤ በ1941 ዘ ማልቲዝ ፋልከንን ያዘጋጀው፣ ብዙዎች የአሜሪካ ኑዋር የተጀመረበት ነው የሚሉትን ፊልም የሠራው ሰው ማለት ነው። ያንን መንገድ የከፈተው ሰው ራሱ መጥቶ የአዲሱን ዘመን ክፋት ፊት ለብሶ ተቀመጠ። ክሮስ አይቆጣም፣ አይጮህም። ዓሣ ከነጭንቅላቱ ጠብሶ ጊቲስን ምሳ ይጋብዘዋል። የጊቲስንም ስም አስተካክሎ መጥራት አይሆንለትም፤ ቢነግረውም ደግሞ ይስተዋል። በገዛ ልጁ በኤቭሊን ላይ የሠራው ግፍ ሲወጣም አንገቱን አይደፋም። ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ ነው ነገሩ። ፖሊሱ የሱ ነው፣ ውኃው የሱ ነው፣ መሬቱም የሱ ሊሆን ነው።

መጨረሻው ይታወቃል። ኤቭሊን ልጇን ይዛ ልታመልጥ ስትል ፖሊስ ይተኩሳል፤ መኪናው ቆሞ ጥሩንባው ሳያቋርጥ ይጮኻል። ጥይቱ ዓይኗን ነው የመታው፤ ያንን ዓይን ቀደም ብሎ ጊቲስ በቅርብ አይቶ ጉድፍ አለበት ብሏት ነበር። ክሮስ ልጅቷን አቅፎ፣ ዓይኗን በእጁ ሸፍኖ ይወስዳታል። ታውን ክፉው ሰው የሚቀጣበትን መጨረሻ ነበር የፈለገው፤ ፖላንስኪ እምቢ አለ። ታውን በዚህ ድርሰት ኦስካር አገኘ፤ ፊልሙ ከታጨባቸው 11 ሽልማቶች ያገኘው ብቸኛው እሱ ነው። ኪይዝን አስታወሳችሁት? ጊቲስም እንደ ኪይዝ ሁሉንም ነገር አውቋል። ማን እንደገደለ፣ ለምን እንደገደለ፣ ገንዘቡ ከየት ወዴት እንደሄደ በጣቱ ቆጥሮ ሊነግራችሁ ይችላል። ምንም አልፈየደም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው እዚህ አይሠራም እንዳልል ይሠራል፤ ግን ከዚያም ይከፋል፣ ምክንያቱም ጅቡ አልሄደም። ባልደረቦቹ ክንዱን ይዘው ከዚያ ያወጡታል።

የሒሳቡ መዞር በግልጽ የሚታይበት ሌላ ፊልም አለ፤ ለአፍታ ከሎስ አንጀለስ ልውጣ። በ1981 ሎረንስ ካስደን ቦዲ ሂትን ሠራ። ቦታው ፍሎሪዳ ነው፣ ሙቀቱ ሰው አያስቀምጥም። አጽሙ የደብል ኢንደምኒቲ ነው ማለት ይቻላል፤ ሰነፍ ጠበቃ፣ ባለ ትዳር ቆንጆ፣ ሀብታም ባል፣ ግድያ። ፊሊስ በ1944 የፍቅረኛዋ ጥይት ገደላት። የ1981ዷ ማቲ ግን ጠበቃውን እስር ቤት አስገብታ፣ እሷ ሩቅ አገር ባሕር ዳር ፀሐይ ትሞቃለች። ታሪኩ ያው ሆኖ ክፍያው ብቻ ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው ሲዞር ምን ያህል ሌላ ፊልም እንደሚሆን ማየት ከፈለጋችሁ ሁለቱን በተከታታይ ቀን እዩአቸው።

ወደ ሎስ አንጀለስ ስንመለስ፣ ሰው የረሳው የሚመስለኝ ፊልም አለ። ዴቪል ኢን ኤ ብሉ ድሬስ፣ 1995። ካርል ፍራንክሊን ነው ያዘጋጀው፣ ከዋልተር ሞዝሊ ልብ ወለድ። ዓመቱ 1948 ነው፣ ማለትም የድሮዎቹ ኑዋሮች ሲሠሩ የነበረበት ዘመን። ያን ጊዜ እነዚያ ፊልሞች ላይ ጥቁር ሰው ቢታይ ሻንጣ ተሸካሚ ወይም ጠጅ ቤት ውስጥ ጥሩንባ የሚነፋ ነበር። እዚህ ዴንዘል ዋሽንግተን፣ ኢዚ ሮውሊንስ ሆኖ፣ መሐሉ ላይ ቆሟል። ኢዚ መርማሪ ልሁን ብሎ አልተነሳም። ከአውሮፕላን ፋብሪካ ተባሯል፣ የቤቱ ብድር ክፍያ ደርሷል። አንዲት ነጭ ሴት ፈልግልኝ ብሎ ገንዘብ ያወጣለትን ሰው እምቢ የሚልበት አቅም የለውም።

ያቺ ቤት ትንሽ ናት፣ በረንዳና ግቢ አላት፣ ኢዚ ደግሞ የሚያያት ልጁን እንደሚያይ አባት ነው። የድሮው ኑዋር ነጭ መርማሪ ቤቱ ምን እንደሚመስል እንኳን ግድ አይሰጠውም፤ ቢሮ ውስጥ ሶፋ ላይ ቢተኛ ደስታው ነው። ኢዚ ግን የሚያጣው ነገር አለው። መርማሪነቱም አደጋው ሌላ ነው። ባሕር ዳር ቀጠሮ ላይ ቆሞ አንዲት ነጭ ልጅ ስላናገረችው ብቻ ጎረምሶች ይከቡታል። ለጊቲስ የትም መግባት ነፃ ነው፤ በር ያንኳኳል፣ ይዋሻል፣ ይገባል። ለኢዚ አንድ ሰፈር መግባት ራሱ ወንጀል ሊሆን ይችላል። የሚፈልጋት ሴትም ምስጢሯ ገንዘብ ወይም ግድያ አይደለም፤ ነጭ መስላ የምትኖር የጥቁር እናት ልጅ መሆኗ ነው። ዘመኑ ይሄንን ነው ወንጀል ያደረገው። ፊልሙ ሲወጣ ተመልካች አላገኘም፣ ተከታይም ሳይሠራለት ቀረ። እኔን ያሳዝነኛል። ኢዚ መጨረሻ ላይ ቤቱን አላጣም፤ በረንዳው ላይ ከጓደኛው ጋር ተቀምጦ ጎረቤቶቹን ያያል። ሒሳቡ የትም ሊያርፍ በሚችልበት ዓለም ውስጥ ያቺን በረንዳ ማትረፍ ትልቅ ድል ነው።

ኮላተራል፣ 2004፣ ዳይሬክተሩ ማይክል ማን። ታክሲ ነጂው ማክስ አንድ ተሳፋሪ ይጭናል፣ ተሳፋሪው በክፍያ ሰው የሚገድል ሆኖ ይገኛል፣ ሌሊቱን ሙሉ ከአንድ ግድያ ወደ ሌላው ይነዳዋል። ዳይሬክተሩ አብዛኛውን በዲጂታል ካሜራ ነው የቀረጸው፣ ሌሊቱን እንደዚያ ለማየት። ኑዋር ሁልጊዜ ሌሊት ጥቁር ነበር፤ እዚህ ሌሊቱ ብርቱካናማ ነው፣ የመንገድ መብራቱ ደመናው ላይ ያንጸባርቃል፣ ዘንባባዎቹ በሰማዩ ላይ ጥርት ብለው ይታያሉ። ሎስ አንጀለስ ከ2009 ጀምሮ የመንገድ መብራቷን ወደ ኤልኢዲ ስለቀየረች ያ ቀለም ዛሬ ከሞላ ጎደል ጠፍቷል። ፊልሙ ሳያስበው የአንዲት ከተማ ሌሊት መዝገብ ሆኖ ቀረ።

ይሄን ፊልም ከአጎቴ ጋር ነው ያየሁት። እሳቸው አሜሪካ ብዙ ዓመት የሌሊት ታክሲ ነድተዋል። ተኩሱ ብዙም አላስደነቃቸውም። ያስቆማቸው መጀመሪያ ላይ ማክስ መኪናውን ሲወለውል፣ ከዚያ በሩን ዘግቶ የጋራዡ ጫጫታ ድንገት ጸጥ ሲል ነው። ልክ ነው አሉ። ከዚያ ማክስ ይሄ ሥራ ለጊዜው ነው ይላል፤ የራሴን የሊሞዚን ድርጅት እስክከፍት ነው ይላል። ስንት ዓመት ሆነህ ሲባል 12 ይላል። አጎቴ ያን ጊዜ አልሳቁም። ‹‹ሁላችንም እንዲህ ነው ያልነው›› አሉ፣ ከዚያ ዝም ብለው አዩ። የማክስ ፀሐይ መከላከያ ላይ የአንዲት ደሴት ፎቶ አለ፤ ሥራ ሲበዛበት አውጥቶ ያያታል። የድሮው ኑዋር ሰው በፍትወት ወይም በገንዘብ ይወድቅ ነበር። ማክስ ምንም አላደረገም፤ ለነገ እያለ ዛሬን ማሳደሩ ብቻ ነው ጥፋቱ፣ ያ ሌሊት መጥቶ አንገቱን የያዘውም በዚሁ በኩል ነው። ማክስ ይተርፋል። ለዚህም ነው ፊልሙን ከሌሎቹ የዋህ ነው የሚሉት፤ እኔ ግን ከዚያ ሌሊት መትረፉን አልጠላሁለትም።

ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ2014፣ ዳን ጊልሮይ ናይትክሮለርን ይዞ መጣ። እዚህ መርማሪው ራሱ ጠፍቷል። ጄክ ጂለንሆል የሚጫወተው ሉ ብሉም ሽቦ እየሰረቀ የሚሸጥ ሥራ ፈት ነው። አንድ ሌሊት የመኪና አደጋ የሚቀርጹ ካሜራ ማኖች ያያል፤ ቅጂውን ለቴሌቪዥን ጣቢያ እንደሚሸጡ ይሰማል። የተሰረቀ ብስክሌት ሰጥቶ ካሜራና የፖሊስ ሬዲዮ መስሚያ ይገዛል። የዜና ኃላፊዋ ኒና የምትፈልገውን በግልጽ ትነግረዋለች፤ ወንጀሉ ሀብታም ሰፈር ይግባ፣ ተጎጂው ነጭ ይሁን፣ ጎጂው ድሃ ይሁን። ሉ ፈጣን ተማሪ ነው። የተኩስ ምልክት ያለበት ቤት ሰርጎ ይገባና የቤተሰቡን ፎቶዎች ማቀዝቀዣው ላይ ከጥይት ቀዳዳው አጠገብ ያስተካክላቸዋል። በሌላ ቀን አደጋ ቦታ ከፖሊስ ቀድሞ ይደርስና የወደቀውን ሰው እግሩን ይዞ ይጎትተዋል፣ ለካሜራው ብርሃን እንዲያገኝ።

እጁን ብቻ እያያችሁ ይህን ትዕይንት ድገሙት። የሚጎትተው እንደ ዕቃ ነው። ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ያያል፣ ትንሽ ይጨምራል። ድሮ ኑዋር ውስጥ ብርሃኑን የሚያስተካክለው ሲኒማቶግራፈሩ ነበር፤ አሁን ወንጀለኛው ራሱ ያስተካክለዋል።

ሪክ የሚባል ልጅ ረዳቱ ነው። ማደሪያ የለውም፣ የሌሊት ክፍያው 30 ዶላር ነው። መንገድ እያነበበ ይመራዋል፣ መኪና ይጠብቃል፤ ሉ ደግሞ ይጮህበታል። ሪክ፣ ሉ የቀረጸውን ግድያ ገዳዮች እያወቀ ከፖሊስ እንደደበቀ ሲገባው ድርሻዬን ካልሰጠኸኝ ይላል። ሉ ተስማማሁ ይለዋል። ከዚያ ገዳዩ ሞቷል፣ ሄደህ ቅረጸው ብሎ ይልከዋል። ገዳዩ አልሞተም። ሪክ ይወድቃል፣ ሉ እሱንም ይቀርጸዋል፣ ኒና ቅጂውን እያየች ዓይኗ ይንቦገቦጋል። ሒሳቡ መጣ፣ 30 ዶላር የሚያገኘው ልጅ ከፈለ።

አንዲት መርማሪ ፖሊስ አለች፤ ሁሉም ነገር ገብቷታል። ሉን ፊት ለፊቷ አስቀምጣ እየዋሸህ እንደሆነ አውቃለሁ ትለዋለች። ማስረጃ የላትም። የኪይዝ ወንበር ላይ የተቀመጠችው እሷ ናት፣ ግን ክብሪት የምትቀበለውም የምትሰጠውም ሰው የለም። ሉ ወጥቶ ይሄዳል። ሁለት አዲስ ቫን ገዝቷል፣ አዲስ ወጣቶች ቀጥሯል፣ እኔ ራሴ የማላደርገውን አድርጉ አልላችሁም እያለ ይመክራቸዋል። የሚናገረው ከኢንተርኔት የንግድ ትምህርት የሸመደደውን ነው፤ ያንን ንግግር በየሥራ ቦታው ሰምታችሁታል።

ይህን ፊልም ያሳየኋቸው አንዳንድ ሰዎች ክፉውን ያሞግሳል ይሉኛል። ሙዚቃውን ይጠቅሳሉ፤ ሉ ሬሳ ሲጎትት የጄምስ ኒውተን ሃዋርድ ሙዚቃ ከፍ ከፍ ይላል፣ ጀግና ድል ያደረገ ይመስላል። እኔ በዚህ አልስማማም። ያ ሙዚቃ የሉ ጆሮ ውስጥ ያለው ነው፣ እሱ ራሱን የሚሰማው እንደዚያ ነው። ቻይናታውን ከመርማሪው ጎን አቁሞን ከሱ ጋር አታለለን፤ ናይትክሮለር ደግሞ ከአጥፊው ጎን አቁሞን ሥራው ሲሳካ ደስ እንዲለን ያደርጋል። መኪናው አምልጦ ሲወጣ፣ ምስሉ ጥርት ብሎ ሲመጣ፣ ጣቢያው ሲገዛው እፎይ ትላላችሁ። በኋላ ነው ለማን እፎይ እንዳላችሁ የሚገባችሁ። የሄይስ ደንብ ዛሬም ቢኖር ኖሮ ሉ መጨረሻው ላይ በጥይት ይወድቅ ነበር፣ እኛም ተረጋግተን ቤታችን እንገባ ነበር። ጊልሮይ ያንን ዕረፍት ከልክሎናል፤ መከልከሉን እወድለታለሁ።

ቅደም ተከተል ለምትጠይቁኝ፣ ደብል ኢንደምኒቲን አስቀድሙ፣ ቻይናታውንን ቀን ላይ እዩ፣ ናይትክሮለርን ለሌሊት አቆዩት። ዴቪል ኢን ኤ ብሉ ድሬስን የትም አስገቡት፣ ብቻ አትዝለሉት።